ጥቁሯ ኮሮላ ላይ የወጣው የሸረሪት ድር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ቤቴ ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ከስድስት ወር በፊት ያገለገለች ጥቁር ኮሮላ ገዛሁ። ስገዛት እንደ መስታወት ታበራ ነበር። ቦርከና ዳር ነው የማሳጥባት። አሁን ፀሐይ ሲያርፍባት ኮፈኗና ጣሪያዋ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቷል። ቀኝ በሯ ላይ ደግሞ ጥፍር የሚይዝ አንድ ረጅም ጭረት አለ። አንድ ጋራዥ ወስጄ ባሳያቸው ሙሉ ቀለም ካልተቀባች አይለቅም አሉኝ። ጓደኛዬ በጥርስ ሳሙና እሻት ይለኛል። ምን ይሻላል?»

አብሽር ወንድሜ። ቀለም አታስቀባት። በጥርስ ሳሙናም አትሻት። ድሩ የሚለቅ ነገር ነው። ግን ከየት እንደመጣ ካላወቅክ በሦስት ወር ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ቀለሙ እንዴት እንደተሠራ እንይ። ከላሜራው ላይ ፀረ ዝገት አለ። ከሱ ላይ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ ንጣፍ፣ አለ። ከዚያ ቀለሙ ራሱ ይመጣል። ከሁሉም በላይ ቀለም የሌለው፣ ወለል ብሎ የሚያሳይ ንጣፍ አለ። እኛ ጋራዥ ውስጥ «ክሊር» ነው የምንለው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ላይ ይህ ሁሉ ተደርቦ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከዚህ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ራሱ ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። እንግዲህ መኪናህን የሚያሳምራትም ከፀሐይ የሚጠብቃትም ነገር ከአንድ ፀጉር ይቀጥናል። ይህን ልብ በልልኝ። የምነግርህ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ያንተ ድር ያለው ክሊሩ ላይ ነው። ቀለሙ ጋ አልደረሰም።

ማታ ላይ አንድ ነገር ሞክር። የስልክህን መብራት ኮፈኑ ላይ አብራና ራስህን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቅስ። በመብራቱ ዙሪያ የምታየው የድር ክብ አብሮህ ይሄዳል። ጭረት ደግሞ ከቦታው አይንቀሳቀስም። እውነቱ ምንድን ነው፣ ኮፈኑ ላይ በየአቅጣጫው የተሰመሩ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ከነሱ መሃል ብርሃኑን ወደ ዓይንህ የሚመልሱት መብራቱን የከበቡት ብቻ ናቸው። የቀሩት ብርሃኑን ወደ ሌላ ይመልሱታልና አይታዩህም። ለዚህ ነው ድር የሚመስለው። ጥቁር መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል፤ እያንዳንዷ መስመር ከጥቁሩ ላይ ነጭ ሆና ትወጣለች። ነጭ ቪትስ የያዘው ጎረቤትህም ያው ጭረት አለበት። ብቻ ዓይን አይገባም።

ስትገዛት ታበራ ነበር ያልከውን እንደገና አስብበት። ለሽያጭ የሚቀርብ መኪና ብዙ ጊዜ ቅባት ያለው ፖሊሽ ይቀባል። ቅባቱ ጭረቱ ውስጥ ይገባና ይሸፍነዋል። ፀጉር ላይ እንደሚቀባ ቅቤ ማለት ነው፤ ያበራል፣ ታጥቦ ሲሄድ ፀጉሩ የነበረው ይሆናል። ስለዚህ ከጭረቱ ከፊሉ ካንተ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። ቀሪውን ግን ያመጣው እጥበቱ ነው። እሱን ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ እሱ ነውና።

የጭረትን ጥልቀት ለማወቅ ማሽን አያስፈልግህም። ጥፍርህን ሳትጫን በጭረቱ ላይ አሳልፍ። ካልያዘህ በፖሊሽ የሚለቅ ነው። ከያዘህ ጠልቋል። ሁለተኛ ውሃ ጠብ አድርግበት። ሲረጥብ ከጠፋና ሲደርቅ ከተመለሰ ክሊሩ ላይ ብቻ ነው ያለው። ረጥቦም ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ካሳየህ ቀለሙን አልፎታል። የበርህ ጭረት ከዚህኛው ወገን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጋራዡ ምክር። «ሙሉ ቀለም» የሚለውን ቃል ስሰማ እናደዳለሁ፤ ልደብቅህ አልችልም። የፋብሪካ ክሊር በምድጃ ውስጥ በ140 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይጋገራል። በየሰፈሩ የሚቀባው ደግሞ ብዙ ጊዜ በግቢ ውስጥ፣ በአየር ነው የሚደርቀው። አቧራ ይገባበታል። ጠርዙ ላይ ይላጣል። የጎማ ማኅተሞቹ ዙሪያ መስመር ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ነገ ስትሸጣት ነው። ገዢ ሁሉ ሙሉ ቀለም የተቀባ መኪና ሲያይ «ተገልብጣ ነበር» ብሎ ይጠረጥራል። የፋብሪካ ቀለም ያላት መኪና ይዘህ ለጭረት ብለህ እሱን መጣል ጤነኛ ጥርስ እንደ መንቀል ነው። ቀለም የሚቀባው ክሊሩ ሲላጥ፣ እንደ ደረቀ ቆዳ ነጭ ሆኖ ሲረግፍ ነው። ያን ጊዜ ፖሊሽ ምንም አያደርግም።

የጥርስ ሳሙናውን ጓደኛህ ዝም ብሎ አላመጣውም። ውስጡ በጣም ደቆ የተፈጨ ነገር አለ፤ ስለዚህ ትንሽ ቦታ ላይ የሠራ ይመስላል። ግን የተሠራው ለጥርስ ነው። ክሊር ላይ ሲታሽ ራሱ ደብዛዛ ጉም ይተዋል። ኮፈን በሙሉ በሱ ያሸ ሰው መጨረሻ ላይ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ የሚወለውሉም አሉ፤ በተለይ የታክሲና የጭነት ሹፌሮች። ለሁለት ሰዓት ያበራል። ከዚያ ቅባቱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ማታ ያንን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉታል። ጭረቱ ያኔ ይወለዳል።

እንዴት ታስለቅቀዋለህ? መጀመሪያ በደንብ ትታጠባለች። ከታጠበች በኋላ እጅህን ፌስታል ውስጥ አስገብተህ ኮፈኑን ቀስ ብለህ ዳብስ። ባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራ ነገር በፌስታል ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይሰማሃል። እሱ የፍሬን ብናኝ፣ ሬንጅ፣ የባሕር ዛፍ ሙጫ ነው። ይህን ሳታነሳ ፖሊሽ ከጀመርክ እሱኑ እየፈጨህ መኪናዋ ላይ ታዞረዋለህ። የሚያነሳው «ክሌይ» የሚሉት እንደ ሊጥ የሚለወስ ነገር ነው። ቦታውን በሳሙና ውሃ አርጥብ፣ ክሌዩን ሳትጫን አንሸራት፣ ሲቆሽሽ አጥፈህ ንጹሑን ገጽ አውጣ። መሬት ላይ ከወደቀብህ ጣለው። አትሳሳለት፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ከያዘ ሥራህን ሁሉ ያበላሻል።

ከዚያ የጎማና የፕላስቲክ ጠርዞችን ቀለም ቀቢዎች በሚለጥፉት የወረቀት ፕላስተር ሸፍን። የላሜራውን ሹል ጠርዞችም ሸፍን፤ ክሊሩ እዚያ ላይ ሲበዛ ስስ ነው። መኪናዋ ጥላ ውስጥ ትቁም። ኮፈኑ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። ኮምቦልቻ በቀትር ይህን አትሞክረው፤ ፖሊሹ ሳይሠራ ደርቆ ይለጠፋል። ደሴ ጠዋት ይሻልሃል።

ፖሊሽ ማለት በጣም የደቀቀ መፈጫ ነው። ጭረትን አይሞላም። የጭረቱን ዙሪያ ከፍ ብሎ የቀረውን ክሊር እየላገ ወደ ጭረቱ ወለል ያወርደዋል። እናቶቻችን ወፍጮ ላይ መጀመሪያ ሸርክተው ቀጥለው እንደሚያደቅቁት እዚህም ሻካራና ለስላሳ አለ። ሻካራውን ኮምፓውንድ እንለዋለን። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሁልጊዜ ከኮምፓውንድ በመጀመሩ ነው። እኔ ከለስላሳው እጀምራለሁ። ኮፈኑ ላይ 50 ሴንቲ በ50 ሴንቲ የሆነ ቦታ መርጬ በለስላሳው ፖሊሽና በለስላሳው ስፖንጅ እሞክራለሁ። ከለቀቀ ከዚያ በላይ አልሄድም። ካልለቀቀ ስፖንጁን ጠንከር ባለ እቀይራለሁ። ኮምፓውንድ የማወጣው ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ነው። በከባድ ኮምፓውንድ አንድ ዙር ብዙ ማይክሮን ሊሄድ ይችላል። ያለህ ደግሞ ከ50 አይበልጥም። ለዚህ ነው በመኪናዋ ዕድሜ ሁሉ ከባዱን ሥራ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ የምትችለው።

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዝም ብሎ ዙር የሚሽከረከር ነው። ሌላው እየተሽከረከረ ወዲህና ወዲያም የሚወዛወዝ፣ «ዱዋል አክሽን» የሚሉት ነው። ለጀማሪ ሁለተኛው ነው። ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ አጥብቀህ ካልቆየህ አያቃጥልም። ስፖንጁ ላይ አራት አምስት ጠብታ ፖሊሽ በቂ ነው። ማሽኑን ሳታስነሳ ቦታው ላይ ቀባ ቀባ አድርገው፤ አለዚያ ግድግዳውን ነው የምትቀባው። ከዚያ በሰከንድ 2 ወይም 3 ሴንቲ ያህል እየሄድክ፣ አንዴ አግድም አንዴ ሽቅብ፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ ተመላለስበት። ቸኩለህ ብትሮጥ ምንም አይለቅም። ማይክሮፋይበር በሚሉት ለስላሳ ጨርቅ ጥረገውና እይ።

ዙር ማሽኑ ፈጣን ነው፤ እኛ ባለሙያዎች የምንወደው ለዚህ ነው። ግን ያለ ርኅራኄ ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ደንበኛ ኮፈን ጠርዝ ላይ ከሚገባው በላይ አቆይቼው ክሊሩን አልፎ ቀለሙን፣ ቀለሙን አልፎ ግራጫውን ፕራይመር አወጣሁ። የፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። ኮፈኑን ከኪሴ አስቀብቼ መለስኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርዝ ሳልሸፍን ማሽን አላነሳሁም። ብረት የሚቆረጥበትን ግራይንደር ላይ የሱፍ ስፖንጅ ገጥመው ፖሊሽ የሚሉ ቦታዎች አሉ። ግራይንደር በደቂቃ 10,000 ዙርና ከዚያ በላይ ይሽከረከራል። ፖሊሽ የሚፈልገው ከ1,000 እስከ 2,000 ገደማ ነው። ግራይንደር ይዞ ወደ መኪናህ የሚመጣ ሰው ካየህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ማሽን ከሌለህ በእጅም ይሆናል፤ ግን ትንሽ ቦታ ላይ ነው። የበር እጀታው ውስጥ ጥፍር የጫረው፣ ነዳጅ ክዳኑ ዙሪያ ያለው በእጅ በደንብ ይለቅቃል። ኮፈን በሙሉ በእጅ ስትፈትግ ብትውል ግን ከድሩ ጥቂቱ ብቻ ነው የሚለሰልስልህ።

አንድ ነገር አያስደንግጥህ። ስፖንጁ ወደ ጥቁር ሊለወጥ ይችላል። ባንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች 202 የሚባለው ጥቁርና 040 የሚባለው ነጭ ያለ ክሊር ነው የሚመጡት። ቀለሙ ራሱ ነው የላይኛው ንጣፍ። እንዲህ ከሆነ ጨርቅህ ቀለም መያዙ የሚጠበቅ ነው። ክሊር ያላት መኪና ላይ ከሆነ ግን ቀለም ማየት ማለት ክሊሩ አለቀ ማለት ነውና ወዲያው አቁም። ለማወቅ ከመጀመርህ በፊት የማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ የበሩ ታችኛ ክፍል ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ አድርገህ እሽ። የቀለም ቁጥሩ የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም ኮፈኑ ስር ባለችው ትንሽ ብረት ላይ «C/TR» (ሲ/ቲአር) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ተጽፏል።

ቦታው ሲያምር ቶሎ አትደሰት። ፖሊሽ ራሱ ቅባት አለው፤ ይሸፍናል። ፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል በእኩል ውሃ አቅጥነህ ርጨውና ጥረገው። ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥተህ እይ። የቀረው እውነቱ ነው። ሰው ብታሠራም ይህንኑ ፊትህ እንዲያደርግ ጠይቀው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አይከፋውም። ደብዛዛ ማታ መብራት ስር መኪና ተቀብለህ አትሂድ። ዙር ማሽን በተሳሳተ እጅ ሲሠራ ፀሐይ ላይ ብቻ የሚታይ ሞገድ የመሰለ ጥላ ይተዋል።

ሁሉም ካልጠፋ ተወው። ከድሩ 70 ወይም 80 በመቶው ከለቀቀ መኪናዋ ሌላ ትመስላለች። የቀረችውን አንዲት መስመር ለማጥፋት ብሎ ክሊር መጨረስ ኪሳራ ነው። በተለይ እኛ አገር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ያታልላል እንጂ ጦሳ ተራራ ስር የቆመች መኪና የምታገኘው ጨረር ከፍተኛ ነው። ያንን የሚመክተው ክሊሩ ነው።

ሲያልቅ ሰም ቀባ። ጥሩው የመኪና ሰም የሚሠራው ብራዚል ከሚበቅል ካርናውባ ከሚባል የዘንባባ ቅጠል ነው። እንደ አጠባብህ ከጥቂት ሳምንት እስከ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። ስስ አድርገህ ቀባው፤ ወፍራም ቢሆን ለመጥረግ ከመድከም በቀር ጥቅም የለውም።

ወደ እጥበቱ ልመለስ።

ካንተ መንገድ እንነሳ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ እስክትገባ ከፊትህ ከባድ መኪና አይጠፋም። በባቲ በኩል ከጅቡቲ የሚመጣም እዚያ ያልፋል። የሚያስነሳው አቧራ ኮፈንህ ላይ ያርፋል። አቧራ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ቤት ስትደርስ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ የምታደርጋት ከሆነ በድንጋይ ዱቄት እየፈተግካት ነው። ይህን ዛሬውኑ አቁም። አቧራማ ብትሆን ትደር። ምንም አትሆንም።

ወንዝ ዳር ያለው እጥበት ደግሞ አንተም አይተኸዋል። ልጆቹ ታታሪ ናቸው፤ አልወቅሳቸውም። ግን አንድ ባልዲ፣ አንድ ስፖንጅ ነው ያላቸው። በዚያው ስፖንጅ ካንተ በፊት የአይሱዙ ጎማ ታጥቧል። መሬት ላይ ወድቆ ተነስቷል። ውሃው ራሱ በክረምትና በበልግ ደለል የያዘ ነው። ኦሞው ደግሞ ሳይሟሟ በፍሬው ላሜራው ላይ ይበተናል፤ ሰሙንም ጠርጎ ይወስደዋል። ላቫጆ ብትሄድም ስፖንጁን ካልጠየቅክ ልዩነቱ ብዙ አይደለም።

የኔ ምክር ይህ ነው። የራስህን ዕቃ ይዘህ ሂድ። ሁለት ባልዲ፣ አንድ ለስላሳ የማይክሮፋይበር ጓንት፣ የመኪና ሻምፑ፣ አንድ ትልቅ ማድረቂያ ፎጣ። ልጁን አትቆጣው፤ የለመደውን ሂሳብ ክፈለውና እንዲህ እንዲያደርግ አሳየው። መጀመሪያ ምንም ሳይነካት ንጹሕ ውሃ በብዛት ይፍሰስባት፤ ጭቃው በራሱ ይውረድ። ከዚያ አንዱ ባልዲ የሻምፑ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ጓንቱ አንድ ጎን ካጠበ በኋላ መጀመሪያ ንጹሑ ውሃ ውስጥ ይለቅለቅ፣ ከዚያ ሻምፑው ውስጥ ይግባ። ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች፤ የበሮቹ ታችና ፓራውልቱ መጨረሻ። ጎማ በዚህ ጓንት አይነካም። ሲያልቅ የንጹሑን ባልዲ ወለል ተመልከት። የምታየው አሸዋ ድሮ ኮፈንህ ላይ ሲዞር የነበረው ነው። እኔ ግቢ የሚያጥቡት ልጆች ይህን አንድ ጊዜ ካዩ በኋላ መናገር አላስፈለገኝም።

ስታደርቃት ፎጣውን አትፈትግ። ዘርጋው፣ ውሃውን ይጠጣ፣ አንሳው። ፀሐይ ላይ በራሷ እንድትደርቅም አትተዋት፤ ጠብታው ሲደርቅ ነጭ ክብ ይተዋል። የወፍ ኩስ ካየህ ቅዳሜን አትጠብቅ። እርጥብ ጨርቅ አልብሰው፣ ሲለሰልስ አንሳው። ፎጣና ጓንቱን ከሌላ ልብስ ለይተህ እጠብ።

የቀረው የበሩ ጭረት ነው። ጥፍር ስለያዘ በፖሊሽ አታባርረው፤ ዙሪያውን ታሳሳለህ እንጂ እሱ አይሄድም። በቀለም ቁጥርህ ትንሽ ጠርሙስ ቀለም አስቀምም። ጭረቱን በዚያው ባቀጠንከው አልኮል አጽዳ። በቀጭን ብሩሽ ወይም በጥርስ እንጨት ጫፍ ጭረቱ ውስጥ ብቻ ስስ አድርገህ ሙላ። ሲደርቅ ይወርዳል፤ ድገመው። ክሊር ያላት ከሆነች መጨረሻ ላይ በዚያው መንገድ ክሊር ጨምርበት። ጥቂት ሳምንት ይጠንክር። ከፍ ብሎ የቀረውን በ2,500 ወይም በ3,000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አርጥበህ፣ ትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልለህ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ከልለህ እኩል አድርገው፤ ከዚያ በለስላሳ ፖሊሽ አብራው። ቀርበው ሲያዩት ይታያል። ከሁለት ሜትር ግን አይታይም፤ ዝገትም አይገባበትም። እጅህ ካልለመደ ይህችን አንዷን ሥራ ለቀለም ቀቢ ስጣት፤ ግን «ጭረቷን ብቻ» በለው። በሩን በሙሉ እንዳይቀባብህ።